ራስጌ

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ከመናኸሪያው ጎን፤
መስኮቴ ጣናን ያያል፣ ጨለማው ባይሆን።
ዓርብ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ መብራት ከሄደ ቆይቷል፣
ላፕቶፑ በባትሪው ጭላጭ፣ በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ ተቀምጧል።

የምሠራው ፕሮግራም ለዓሣ አስጋሪዎች ነው፤
ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሰርቨሩን የሚያናግረው።
«ጣና እንዴት አደረ?» ይላል፤ መልስ ይመጣለታል፤
ሽፋኑን ይገፈዋል፣
ሆዱን ይዘረግፋል፣
በየስልካቸው ላይ ሁለት ቃል ያደርሳል፦
ነፋስ የለም።

ሦስት ቀን ሙሉ ያው፦ ነፋስ የለም፣ ነፋስ የለም።
የመልሱ ቁጥር ሁለት መቶ፤ ሁሉ ደህና፣ ስህተት የለም።
እኔም «ተመስገን» ብዬ ተኛሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሽ እንድሪስ መጣ፣
ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ።
ወንበር ሳብኩለት፤ «ተወው» አለ፤ አልጮኸም፣ አልተቆጣ።

«ያንተ ስልክ ነፋስ የለም ይላል።
ውሃው ከረቡዕ ጀምሮ ያጓራል።
የሐዋ ልጅ አምኖህ ወጥቶ፣
መረቡን ለጣና ሰጥቶ፣
ነፍሱን ብቻ ይዞ ገባ።
ወሬውንማ ነገርከን። ወሬ ነጋሪውን ግን
መቼ ወጣህ አልከው? የት አደርክ አልከው? ከማን?

እኔ ታንኳ ከዘጌ ስትመጣ፣ ጭነቷን ሳላይ አውቃለሁ፤
አፍንጫዋ ቀና ካለ፣ ባዶ ናት እላለሁ፤
ወገቧ ውሃ ከሳመ፣ እንጨት ነው፣ እጠብቃለሁ፤
ደንገሏ ጠቁሮ፣ ውሃ ጠጥቶ ከከበደ፣
የሰነበተች ናት፤ ቀኗ ሄደ።»

ወጣ። ወለሉ ላይ የእግሩ ውሃ ቀረ።

ዛሬ ሌሊት መልሱን አልገፈፍኩትም፤
ከነልብሱ አቆምኩት።
ከሆዱ በፊት ያለውን፣ ሁልጊዜ የምጥለውን፣
ራስጌውን አነበብኩት፦

ዓይነት፦ ጽሑፍ።
ርዝመት፦ ሃያ ሁለት ባይት።
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት።
ዕድሜ፦ ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ።

ዕድሜው በሰከንድ ነው። ለስልሳ አካፈልኩት፣ ደግሜ ለስልሳ፣
ከዚያ ለሃያ አራት፦ ሦስት። ሦስት ቀን ያደረ ሬሳ።

መልሱ ከምንጩ አልመጣም፤ መንገድ ላይ ጎተራ አለ፤
ጠባቂው የማክሰኞን ጸጥታ
ለጠየቀው ሁሉ ይሰፍራል፣ እኩል እየከፈለ።
አልዋሸም።
ዕድሜውን ጽፎ ነው የላከው፤ በግልጽ፣ በቁጥር።
ሆዳሙ እኔ ነበርኩ።

ራስጌ።
ቃሉን ከኮድ በፊት ከአልጋ ነው የማውቀው።
እናቴ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተኝታ፣
ከራስጌዋ ብረት ላይ በገመድ የታሰረ ካርቶን ነበር፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ።
«እንዴት አደርሽ?» ስንላት «ደህና ነኝ» ትላለች።
ሁለት መቶ።
ብርቱካን እንልጣለን፣ እናወራለን፣
የጎረቤት ወሬ ስንነግራት ትስቃለች።
ሐኪሙ ገባ፤ ፊቷን ሳያይ
ካርቶኑን አነበበ፤
ከእኛ ጋር አልሳቀም።
እኛ ያን ካርቶን ስድስት ቀን ሙሉ
ኮት መስቀያ አድርገነው ነበር።

ኮዱ ላይ ሁለት መስመር ጨመርኩ፦
ዕድሜው ከአንድ ሰዓት ካለፈ፣ የያዘውን ወሬ አታውራ፤
«አላውቅም» በል።
ቆጠርኩት፤ አሥራ አምስት ባይት ነው።
ከ«ነፋስ የለም» ያንሳል።
ለጋሽ እንድሪስ ግን ምን ብዬ እንደማስረዳው፣
ለሐዋ ልጅ መረብ ማን እንደሚከፍል፣
የትኛውም መስመር ላይ አልተጻፈም።

ባትሪው ሞተ። ስክሪኑ ጠፍቶ ፊቴን አሳየኝ።
ቁጭ ብዬ ቆየሁ፣
መስኮቱ ቀስ እያለ ገረጣ።
ከእምቦጩ ማዶ አንዲት ታንኳ ብቅ አለች።
መጀመሪያ አፍንጫዋን አየሁ፦
ቀና ብሏል።
ባዶ ናት።
ወይም ደንገሏ አዲስ ነው፤
ከዚህ ርቀት፣ ገና አልለይም።