ሲፈርስ ማን አየው

ከተራራው በታች፣ ከዋሻው መንገድ ዳር፣
የጭነት መኪና ሲያልፍ አስፋልቱ ሲሸበር፣
አንድ የብረት በር አለ፣
አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር ድንጋይ ያዘለ።
ከላይ በረዶ ነው፤ ግራን ሳሶ ነጭ ለብሷል፤
ከታች ግን ወር የለም፤ ቀኑም ከሌት ተዋህዷል።

እዚህ ነው ሥራችን፦
ከሰማይ የሚዘንብ ቅንጣት እንዳያገኘን
ተራራ ተከናንበን፣
አንድ ደካማ ብርሃን መጠበቅ፣
ይመጣ እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ለገንዘብ ያዡ ስንቴ አስረዳሁት)፦
ቅንጣት አንድ አድራሻ የለውም፤ ሞገድ ነው፤
እዚህም እዚያም ነው፣ ሰው እስኪያየው።
ሲያዩት ግን ይወድቃል፤ አንድ ቦታ ይሆናል።
«ማየት ምንድን ነው?» ሲሉን፣
ይኸው መቶ ዓመት፣ መልሱ ያጣላናል።

አንዳንዶች አሉ፦ ዓይን አያስፈልግም፤
ሞገድ በራሱ ጊዜ ይደረመሳል፤ ተመልካች አይጠብቅም።
ሲደረመስም ቁስ ይንቀጠቀጣል፤
ከንቅጥቃጤውም ትወጣለች ቀጭን የራጅ ብልጭታ፣
ካለች፣ በዓመት አንዴ፣ ወይ ሁለቴ፣ በዚህ ጸጥታ።

ጀርማኒየሙን የከበበው ግንብ የእርሳስ ጡብ ነው፣
ከሰመጠ መርከብ የወጣ፣ የሮማ ነጋዴ የጫነው፣
ሁለት ሺህ ዓመት ባሕር «እርሳ፣ እርሳ» ያለው፣
እሱም የጨረሩን ቁጣ ቀስ በቀስ የረሳው
እርሳስ።

የደረደረው ፓንፊሎ ነው።
ፊዚክስ አያውቅም፤ ግንበኛ ነው፣ የላኲላ ልጅ፤
ጓንት አጥልቆ እንኳ ይለያል የጡቡን ጠርዝ በእጅ።
ውሃ ልኩን ያስቀምጣል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፤
ፀጉር የማታስገባ መጋጠሚያ ይሠራል፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ዝም ሆኖ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ የበግ አይብ እየቆረሰ፣
«ምንድን ነው የምትጠብቁት?» አለኝ። ነገርኩት።
ማኘኩን ተወ፤ ቢላውን ገበታው ላይ መለሰ።

«ማንም ሳያየው ይፈርሳል ወይ ለማለት ነው ይህ ሁሉ እርሳስ?
እኔን በጠየቃችሁኝ።
ፔስካራ ነበርኩ፣ የሰው ደረጃ ልጠግን።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ሰፈሩ ተኝቷል፤
ፊሎሜና ተኝታለች፤ ውሻው እንኳ ዝም።
በገዛ እጄ የሠራሁት ቤት ሲወድቅ ያየው የለም።
አንድ ዓይን አልነበረም።
ፈረሰ ግን።»

ሌላ አላለም። ፍርፋሪውን በመዳፉ ሰብስቦ
ጓንቱን አጥልቆ ሄደ፣ የቀረውን ረድፍ አስቦ።

መልስ ነበረኝ፣ የመጽሐፍ መልስ፦
ቤት ትልቅ ነው፤ አየር ያየዋል፤ አቧራ ያየዋል፤
ቤት ብቻውን ሆኖ አያውቅም።
አፌ ላይ መጣ። አልተናገርኩም።

ሦስት ክረምት አለፈ።
ማሽኑ ቆጠረ፤ እኔም ቁጥሩን በእርሳስ ደብተር ላይ ጻፍኩ፤
ኮምፒውተር እያለ፤ ልማድ ነው፤ የሚጠፋ ጽሑፍ ወደድኩ።
የድንጋዩ ሹክሹክታ፣ የመዳቡ፣ የሠራተኛው ላብ እንኳ ተሰማ፤
የምንጠብቃት ብልጭታ ግን አልበራችም በጨለማ።
ከኢንስብሩክ ተደወለ። «ምንም?» «ምንም።»
«ምንምም ውጤት ነው።» ነው፤ አልዋሸም።
ስለ መደርመስ የተነገረው ቀላሉ መላምት ራሱ ተደረመሰ፤
ውስብስቦቹ ጥግ ይዘው ቆመዋል፤
ጥያቄው ቤት ቀየረ እንጂ ሰው አላገኘም የመለሰ።

ፓንፊሎ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ናቬሊ፣
ከልጁ የሳፍሮን ማሳ ዳር አገኘሁት፤
የዶሮ ቤት ግድግዳ ይሠራል፣ ጭቃው እስከ ክርኑ።
«ፈረሰ?» አለኝ፣ ሰላምታም ሳይቀድም።
«ሦስት ዓመት ጠበቅነው፤ ሲፈርስ አላገኘነውም።»

አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ውሃ ልኩን አየ፤ ቆየ።
«እንግዲያው» አለ፣ «የገነባው ሰው ከእኔ ይሻላል።
ያቺን ድንጋይ አቀብይኝ።»