መግቢያ ሠላሳ ብር

ቅዳሜ ነው። ይመር መኪናውን አጥቦ
ሰባት ሰው ጫነበት፣ ለአምስት አስቦ።
እቴ ከድጃ ከኋላ፣ ከሙዝ ፌስታሏ ጋራ፣
ኢክራም ጭኔ ላይ፣ በእጇ ሸንኮራ፣
አብየ ከፊት ወንበር፣ ምርኩዝ በጉልበቱ፣
«ቀበቶ? በግ ነኝ ወይ?» አለ ገና ከቤቱ።

ከኮምቦልቻ ወጣን፤ ሐረጎ ሽቅብ ላይ
ስንት ጊዜ ቆምን መሰላችሁ? አይ!
አንዴ ለራዲያተር፣ አንዴ ለበለስ፣
አንዴ የእቴ ከድጃ ነፍሷ እስኪመለስ፣
አንዴ ደግሞ እንዲያው፣ ቁልቁል ለመመልከት፣
ጉም የፋብሪካውን ጭስ ሲውጠው ለማየት።
ይመር ቴፕ ከፈተ፤ እቴ አስዘጋችው፤
የሠርግ ሐሜት ነበር ከጫፉ የያዘችው።

ደሴ ላይ ሻይ ጠጣን። ጦሳ ራሱን ሸፍኖ
ይታያል አይታይም፣ እንደ ባለዕዳ ሆኖ።
ሐይቅ ላይ ዓሣ በላን፤ ይመር እሾኩን ለቅሞ
ለአብየ ሲያጎርስ፣ ውሃው ፊታችን ተጋድሞ።
ከዚያ አስፋልቱን ትተን፣ በኮረኮንች መንገድ፣
አቧራ ኋላችን ሲጎተት እንደ ገመድ፣
ወደ ፊታውራሪው ቤት፣ ታሪካዊ ወደተባለው፣
ይመር በስልኩ አይቶ «ሽርሽር!» ወዳለው።

በሩ ላይ በቀይ ቀለም፦ «መግቢያ ሠላሳ ብር»።
ትኬት ቆራጩ ወጣት ከዋርካው ሥር ነበር፤
ተነሣ፣ ሸሚዙን ከሱሪው ውስጥ ከቶ፣
አስጎብኚም ሆነ፣ ጉሮሮ አጥርቶ።

«ይህ እልፍኝ ነው» አለ፤ «ይህ የበቅሎ ጋጣ፤
ይህ መስኮት ከሐረር በግመል የመጣ፤
ጎተራው ሁለት መቶ ዳውላ ይይዝ ነበር፤
እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይበላ ነበር ግብር።»
ይመር በየደጁ ፎቶ ያነሣል፤
«እቴ፣ ወደ ብርሃን! ፊትሽ ይጠፋል!»

አብየ እስካሁን ዝም። ምርኩዙን አስደግፎ
ከእልፍኙ ምሰሶ፣ ትንፋሹን አሳርፎ፣
«ግብሩን የከፈለ፣ ግብሩን ያልበላ
አንድ ሰው አውቃለሁ» አለ፤ «አባቴን።» ሌላ
ቃል አልጨመረበት። አስጎብኚው ፈገግ
ብሎ ወደ ጓሮ፣ ቁልቋል ወዳለው ጥግ።

በድንጋይ የታነጸች፣ ወገብ የምታህል
በር አለች። «ያሳጠሯት ብርዱን ለመከልከል።»
አብየ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሳቅ።
«ልጄ፣ ይቺ በር ብርድ የት ታውቅ!
ጉንዶ ማር ተሸክሞ፣ ሌሊት የተነሣ
ሰው፣ ጌታው ባያየው፣ ለድንጋይ እጅ እንዲነሣ።
አባቴ ሎጋ ነበር፤ አንድ ቀን ረስቶ
ቀና እንዳለ ገባ፤ ግንባሩን ፈንክቶ
ማሩንም አፈሰሰ፤ ሌላ ማር ከፈለ።
ሰፊ በር ላይ እንኳ «ጎንበስ በል!» እያለ
ነው ያሳደገኝ።» ዝም አልን። ነፋሱ
በበሯ ይገባል፣ ማን ከልክሎት እሱ።

ይመር ስለ ነዳጅ ማውራት ጀመረ።
እቴ የላጠችው ሙዝ በእጇ ላይ ቀረ።

ኢክራም ግን ሮጠች። በዚያች በር ገባች፣ ወጣች፤
ደግማ ገባች፣ ወጣች፤ ቀና እንዳለች።
ሰባት ዓመቷ ነው። ጉተናዋ እንኳ
ጉበኑን አልነካም፤ ተሠርታ በልኳ።
«አብየ፣ ና በዚህ!» አለች ከዚያ ማዶ።
እሱ ግን ዞረ፤ ግቢውን ሙሉ ሄዶ፣
ጋጣውን፣ ጎተራውን፣ አዳራሹን አልፎ፣
ቆቡን ሳያወልቅ፣ አንዴ ብቻ አርፎ፣
በታላቁ በር ወጣ። ሩብ ሰዓት ፈጀ።
ማንም «ቶሎ» አላለም፤ ፀሐዩም አረጀ።

ስንመለስ፣ ሐይቅ ላይ መብራት ሲበራ፣
«ስንት ከፈላችሁ?» አለ። ይመር፣ እየፈራ፣
«ለስድስት፣ መቶ ሰማንያ» ብሎ ነገረው።
አብየ መስኮቱን በእጅጌው ጠረገው።
«አባቴ በጉንዶ፣ እኛ ደግሞ በብር።
ተዉት እንግዲህ፣ የገባ ሁሉ ገባር።»
ከዚያ እስከ ሐረጎ ስለ ዓሣው ተወራ፣
ጨው በዝቶበት እንደሁ፣ ወይስ በርበሬ አንሶት፣ በየተራ።

ኮምቦልቻ ስንገባ ሦስት ሰዓት ሆነ፤
የኢክራም እንቅልፍ ትከሻዬን ተጫነ።
የቤታችን በር ብረት ነው፤ መኪና ያስገባል።
አብየ ምርኩዙን አስቀድሞ፣
ጎንበስ ብሎ ያልፋል።