ሽፍታ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ፤
ከአዳማ ጅቡቲ ስመላለስ ስንት ሌሊት ፈጅቻለሁ፤
ሽፍታ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ።
ጭር ባለ በረሃ፣ ከግራር ሥር አድፍጦ፣
ሲጠብቅህ የሚያነጋ፣ መንገዱን በድንጋይ ቆርጦ።

ጡረታ ወጣሁ። መሪውን ለልጅ አስረክቤ
ከመናኸሪያው ጀርባ ጎማ ቤት ከፈትኩ፣ ጥሪቴን ሰብስቤ።
ከእንግዲህ ምን ይመጣል ብዬ በእፎይታ ተኛሁ፤
እኩለ ሌሊት ላይ በአውራ ጣቴ ነቃሁ።
ነደደ። አበጠ። ቲማቲም መሰለ።
የለበስኩት አንሶላ፣ እውነቴን ነው፣
ብረት የጫነ ተሳቢ አከለ።

«ሪህ ነው» አለ ሐኪሙ። ሰፈሩ ሰምቶ ኖሮ፣
ቁርጤን በኪሎ፣ ቢራዬን በጠርሙስ ቆጥሮ
ፈረደብኝ።
        እሺ፤ በላሁ፤ ጠጣሁ።
አባቴ ግን ሥጋ በዓመት አንዴ ቀምሶ፣
እሱም ዕድሜውን ጨረሰ፣ በዚሁ እግር አንክሶ።

ሲፈን ናት ክኒኑን ቆጥራ የሰጠችኝ፤
ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል፤ እንደ አክስት ተቆጣችኝ።
«ሌላ የሚወስዱት አለ? የግፊት? ደም የሚያቀጥን?
ኩላሊትዎን ታይተዋል?»
ወረቀቴን ሰጠኋት፤ አንብባ ሳትጨርስ ቀና አላለችም።
«ይሄ ማስታገሻ አይደለም፤ ዛሬ ተውጦ ዛሬ አያሽርም፤
የተከማቸውን ቀስ ብሎ ያጥባል፤ ሲሻልዎም አይቆምም።
በመጀመሪያዎቹ ወራት ጣትዎ መልሶ ቢነሳ፣
ተናደው አይጣሉት፤ አይደርቡትም፤ ሐኪሙን ይጠይቁ።
በትንሹ እንጀምር፤ ደምዎን እያየን ነው የምንጨምረው።»
ገባኝ፤ በአንደኛ ማርሽ ነው።
ዳገት ለኖረበት ሰው ይሄ ምኑ ይቸግረው?
«ከምግብ በኋላ። ብዙ ውሃ።
ደግሞ ቆዳዎ ላይ ሽፍታ ካዩ፣
ያን ዕለት ያቁሙ፤ አንድ ሳይደግሙ፣ ነገ ሳይሉ ይታዩ።»

ሳቅሁ። «ልጄ፣ ሽፍታን ለኔ ነው የምትነግሪኝ?»
አልሳቀችም። በቀይ እስክሪብቶ ፖስታው ላይ ጻፈችልኝ፤
ከሥሩም ሁለቴ አሰመረች።

ጉተማ መጣ ጉልበቱን ይዞ፦ «አንዷን ጣል አድርግልኝ።»
ስንት በረሃ ሲጋራ ተካፍለናል፤ ነዳጅ አበድሮኛል።
«ይሄ ሲጋራ አይደለም» ብለው፣ ሳምንት አኮረፈኝ።

መጋቢት ገባ። አዳማ እንደ ልማዷ ነደደች።
አቧራው እየተሽከረከረ ከሰማይ ተገመደ፤
በሦስተኛው ሳምንት ደረቴ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወረደ።
«ሙቀቱ ነው» አለች ዘርፌ፤ ፓውደር ነሰነሰችብኝ።
«ሙቀቱ ነው» አለ ጉተማ፤ ኩርፊያውን ረስቶ፣
ሸሚዙን ገልቦ የራሱን ጀርባ አሳየኝ።
እውነታቸውን ነው። በመጋቢት የማያሳክከው ማን አለ?
ከተማው በሙሉ ደረቱን ከፍቶ ጥላ ለጥላ ዋለ።

ማታ ራቴን በልቼ፣ ውሃዬን ቀድቼ፣
ክኒኗን መዳፌ ላይ አኖርኳት።
ነጭ ናት። ምስር ታክላለች። ብዙ አየኋት።
ፖስታው አጠገቤ ነበር፣ ያ በቀይ የተጻፈው።

አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። ከአዋሽ ማዶ።
ረዳቴ ሙዘይን ከጎኔ።
መንገዱ መሀል ድንጋይ። አንድ ብቻ።
«ከገደል ተንከባሎ ነው ጋሼ፤ አልፈውት ይሂዱ።»
መብራት አጠፋሁ። ዝም ብዬ አየሁት።
ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገባሁ።

ክኒኗን ወደ ፖስታዋ መለስኳት።
ዘርፌ እያጉረመረመች ባጃጅ ጠራችልኝ።
ሐኪሟ አፌን አስከፍታ አየች፤ ትኩሳቴን ለካች፤
«ደግ አደረጉ፤ በጊዜ መጡ» ብቻ አለች።
ካርድ ላይም ጻፈች፦ ይህ መድኃኒት ዳግም እንዳይሰጠው።
ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተጀመረልኝ፤
እሱም በአንደኛ ማርሽ።

ካርዱ አሁን መንጃ ፈቃዴ በነበረበት ኪስ አለ።
ዘርፌ ግን እስከ ዛሬ፣ ተቀምጬ ጎማ ስለጥፍ እያየች፣
«ምናልባት ሙቀት ነበር» ትላለች።
ይሆናል።
ያ ድንጋይም ምናልባት ብቻውን ተንከባሎ ነበር።