በቲኬት ጀርባ

ጀልባው ከታሰረ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣
ሻላው ያጠመደውን ወደ ሆዱ ሲያወርድ፣
ባሌ እንየው መጥቶ ካርታውን ያነጥፋል፣
በተረፈ ቲኬት ጀርባ ላይ ይጽፋል።

ካርታው የሰው ነው፤ ከዘጌ ሲመለስ አንድ መንገደኛ
ወንበር ስር ረስቶት፣ ጠብቀን ጠብቀን፣ ወረስነው እኛ።
ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ ከተማ የሌለበት፣
አልፎ አልፎ እንደ ደም ሥር የቀጠነ ወንዝ ያለበት።
«ይኸ ነው» ይለኛል፣ በመንጠቆ ጫፍ እየነካካው፣
«የምድር አናት፤ ባላገሩ እንኳ ሄዶ ያልለካው።»

ዕቅዱ የሁለት ሰው ነው።
በሰኔ መነሣት፣ እኛ ዘንድ ዝናቡ ጀልባ ሲያስር፤
እዚያ ያኔ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ቀን ነው ሃያ አራቱም ቢቆጠር።
«ታዲያ» አልኩት፣ «የሰኔን ጦም በስንት ሰዓት ትፈታዋለህ?
ፀሐይ ካልወረደች፣ መሸ፣ ልተኛ፣ በምን ትላለህ?
አውራ ዶሮስ ቢኖር፣ ምን አይቶ ይጮኻል?»
ጭንቅላቱን አከከ።
«ዶሮ፣ ይጣራ» ብሎ ጻፈ።

«ድንኳንስ?» ስለው፣ «ከዕድሩ እንዋሳለን» አለ ሳያፍር፣
ያን ስድሳ ለቀስተኛ የሚያስቀምጥ፣ በጋሪ የሚጫን አቡጀዲ፣ ለበረዶ አገር!

ስለ ነጭ ድብ ይነግረኛል፦ «ቢመጣ አትሩጪ፣
እንደ ጎረቤት አነጋግሪው፣ ቀስ እያልሽ ከመንገዱ ውጪ።»
ሳቅሁ። በዓባይ መውጫ ጉማሬ ከነልጇ ብቅ ስትል፣
ሞተሩን አጥፍቶ «እሜቴ፣ ይለፉ» የሚል፣
እሱው ነው ዛሬ የድብ ቋንቋ የሚያጠና፣
ራቱ ቀዝቅዞበት፣ ከካርታው ላይ ሳይቀና።

የእኔ ሥራ መርፌ ነው። የዋና ጃኬት ሲቀደድ እጠቅማለሁ፣
ከጀልባ ማኅበሩ ለእያንዳንዱ አሥር ብር እቀበላለሁ።
አሮጌዎቹን ፈትቼ፣ ስፖንጁን አውጥቼ፣ ካፖርት ሰፋሁለት፣
ብርቱካንማ፣ እስከ ጉልበት።
በሚያዝያ ቀትር፣ ድንጋዩ ሲፋጅ፣ ለብሶት ቆመ፣
ላቡ በጆሮ ግንዱ ወርዶ አገጩ ላይ ተጠራቀመ።
«እንዴት ነው?» አልኩት። «ይበርዳል» አለ፣ «ግን ይቻላል።»
የጀልባ ልጆች ይንከተከታሉ፤ እሱ ቁልፉን እስከ አንገቱ ይቆልፋል።

ገንዘቡ በወተት ጣሳ ነበር፤ የሦስት ዓመት፣
ከአልጋው ስር፣ ከአሮጌ መልሕቅ ጎን፣ የተሸጎጠበት።
በመስከረም እምቦጭ መጣ፤ ከፎገራ በኩል ነፋስ እየነዳው፣
ሌሊቱን ሙሉ ያለ ድምፅ፣ ሐምራዊ አበባውን እንደ ሙሽራ ደፍቶ፣ ወደቡን ከደነው።
ፕሮፔለሩን ጠመጠመው፤ ዘንጉ ተሰበረ፤
ጣሳው በአንድ ቀን ጋራዥ ውሎ ባዶውን አደረ።

አልተናገረም። ራቱን በላ፤ ካርታው ሳይነጠፍ ተኛ።
እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ ለካ የነጩን አገር ለምደነዋል እኛ።

ሳይነጋ ቀሰቀሰኝ። ወደ ዳር ወረድን።
ውሃው የለም። አረንጓዴ ሜዳ ነው፣ ዓይን እስከሚያደርስ፣
በላዩ አንዲት ወፍ በእግሯ ትሄዳለች፣ ጥፍሯ እንኳ ሳይርስ።
«ያውልሽ በረዶው» አለኝ። «እዚያም ሐይቁ እንዲህ ይዘጋል፤
ታንኳ ይታሰራል፣ ሰው ወሩን ጠብቆ በላዩ ይሄዳል።»
ካፖርቱን ለብሷል።
አንድ እግሩን አነሣ።
ጭራውን ጨምድጄ «እንየው!» ብዬ ጮህኩ፤
ስሙን መጥራቴ ይሁን፣ ይሁን «አብረን እንየው» ማለቴ፣
እስከ ዛሬም አልለየልኝ፣ እንደዋዛ ወጣ ከአንደበቴ።
እግሩን መለሰ። ጫማው ጫፉ ብቻ ርሶ ነበር።

ማታ ካርታው ተነጠፈ። ዓመቱን ሰረዘ፣
ከጎኑ ሌላ ጻፈ፣ እርሳሱን እንደያዘ
ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው።
ከጣቱ መሐል ቀስ ብዬ አወጣሁት፤
ዶሮው ገና አልተጣራም፤ አለፍኩት።
ከሥሩ ጨመርኩ፦ «ያው በሰኔ።
ካልሲ፣ አራት ጥንድ፣ ከሱፍ። ሁለቱ ለእኔ።»