የጉርሜሳ ቆርቆሮ

ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት፣ በሱሉልታ ሜዳ፣
ነፋስ በር መታብን እንደ ቆየ ዕዳ።
ሲነጋ፣ ምሰሶው ከባሕር ዛፍ ጋራ
ጭቃ ውስጥ ተኝቷል፤
ከብቱ እንኳ ይሸሻል ሽቦውን እየፈራ።

ጣራ የቀደደ በረዶውን ለቅማ
ለሊሴ ክትባቱን አቀዘቀዘች
ጤና ኬላ፣ በጨለማ።

«ነገ ይመጣል» አሉን፤ ዘጠኝ ነገ ሄደ፤
ወፍጮው ዝም እንዳለ
ስንዴያችን በንፍሮ፣ በንፍሮ ወረደ።

ከጎመኔ መሃል ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ፦
የጉርሜሳ ጣራ፣ አጥር ዘሎ በርሮ።
በአንድ ክንድ ድንበር ሦስት ዓመት ተካስሰን
«እንዴት አደርክ» እንኳ አልነበረን።

ልሸጠው አሰብኩ፣ አልዋሽም።
ከወዲያ ሕፃን ሲያስል ሰማሁ፤
ሳል ድንበር አያውቅም።

ተሸክሜ ሄድኩኝ። አላመሰገነኝ።
መሰላሉን ደግፎ፣ ቀና ብሎ ሳያይ፣
«ሚስማር ያዝ» አለኝ።

ዛሬ ዐሥረኛው ማታ፤ በድሮው ሚስማር ቀዳዳ
ጉርሜሳ ቤት ኮከብ ይገባል፣ እንደ እንግዳ።
ደመናው ሲመለስ ግን በዚያው ነው የሚያፈሰው፤
ሬንጅ ልንገዛ፣ እንጦጦን ተሻግረን
አብረን እንወርዳለን።
መቼ? ብትለን ሚስቱ፣
ሁለታችንም ባንድ አፍ፣
«ነገ» አልን።