እና

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቆርቆሮው ግንባር
አንድ ሳንቃ ነበር፣
እኔ የጻፍኩበት፣ በሰማያዊ ቀለም፤
እንደዚያ ያለ ፊደል ዛሬ አልጽፍም፣ እጄም ደክሟል፣ ዓይኔም።
«ሙዘይን እና ደግፌ የእንጨት ሥራ»፣
ከአጂፕ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋራ።

ማክሰኞ ልጅ መጣ፤ «ይፈልጉሃል» አለኝ፣
«መጋዝ ይዘህ ና» ሲል ነገሩ ገረመኝ።
አናጢ ቤት መጋዝ ጠፍቶ
ከቀለም ቀቢ ይለመናል? የት ታይቶ!

ስደርስ ገባኝ። ባለሞተሩ መጋዝ በሸራ ታስሮ
እንደ ሬሳ ተኝቷል፣ በገመድ ተጠፍሮ፤
ከላዩ ማኅተም፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣
«እስኪወሰን ማንም አይንካው» ይላል የታተመበት።

ከተማው ምክንያት መች ያጣል?
አንዱ ሃይማኖት ይላል፣ አንዱ ብሔር ይላል፤
መርካቶ በኩል ያለው ሚስቶቹን ይከሳል።
እኔ የሰማሁት ግን ይህን ያህል ነው፦
ሙዘይን መጋዙን ለአጎቱ ልጅ አዋሰው፣
ሦስት ቀን፣ ደግፌን ሳይነግረው።
ደግፌ ሲያውቅ ዝም አለ። ዓመት ሙሉ ዝም አለ።
ያ ዝምታ እንደ ምስጥ ምሰሶውን በልቶ ጣለ።

እውነቱን ልናገር፤ በሰው መለያየት በልቻለሁ።
«የሂርማታ ኮከብ» የተባለው ቡድን
በአሠልጣኝ ሹመት ተጣልቶ ሲበተን፣
«ነባር ኮከብ» ብዬ፣ «አዲስ ኮከብ» ብዬ
ሁለት ሰሌዳ ጻፍኩ፣ ሁለት ሂሳብ ተቀብዬ።
ቴያትረኞቹም «ዋናውን ማን ይሥራ» ተባብለው
መጋረጃውን ቀደው እኩል ተካፍለው፤
ግማሽ መጋረጃ ምኑን ይሸፍናል?
ሱሪ የሚቀይረው ንጉሥ ከኋላ ይታያል።
ፓርቲም ሲከፈል አይቻለሁ፣ በአንድ ሕንፃ ላይ፣
አንዱ ቢሮ ከታች፣ አንዱ ቢሮ ከላይ፤
ቃሉ አንድ፣ ዓርማው አንድ፣ የተለየው ቀለሙ፤
እሱም አረንጓዴ አልቆብኝ እንጂ፣ አልነበረም አቋሙ።

ዛሬ ግን መጋዜን ከሳንቃው ላይ ሳኖር
እጄ አልታዘዝ አለ።
ሙዘይን «ከስሜ በኋላ ቁረጥ» አለ።
ደግፌ «ከስሜ በፊት ቁረጥ» አለ።
ሁለቱም ልክ ናቸው። መሐል ላይ ግን
አራት ጣት የምታህል «እና» አለች፤ የማን?

ሁለት ጊዜ ቆረጥኩ።
«የእንጨት ሥራ» ለደግፌ ደረሰ፣ ከስሙ ጋር ስለተያያዘ፤
ለሙዘይን አዲስ እጽፋለሁ፣ ዋጋው ለብቻው ተያዘ።
«እና» ከመላጊያው ፍቅፋቂ ላይ ወደቀች።
ማንም ጎንበስ አላለም።

ከጥጉ ያላለቀ በርጩማ ነበር፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጣ፣
ወገቡን ሙዘይን ጠርቦት፣ ጌጡን ደግፌ ጀምሮት።
ከንብረት ዝርዝሩ የለም። ሦስት እግሩን ለሁለት
ማን ይካፈለዋል?
ተቀመጥኩበት፣ ሂሳቤን ስጠብቅ።

ሁለቱም ከፈሉኝ፣ እየራሳቸው፣ ሳይተያዩ።
ቁራጯን ከብሩሾቼ ጋር በላስቲክ ጠቀለልኳት፤
ማንም አልጠየቀኝ።

ሰኔ አይደል? የጅማ ሰማይ አያስጠነቅቅም፤
ሳንቃዎቹን ለማየት ደጅ እንደቆሙ ወረደባቸው።
ግድግዳው ተለክቷል፣ መሬቱ በኖራ ተሰምሯል፣
በሩ ግን ገና አንድ ነው።

ሮጠው ደፉ ላይ ተገናኙ፣ ቆሙ።
ደግፌ ከልማዱ እጁን ዘረጋ፦ «ግባ።»
ሙዘይን ከልማዱ፦ «ኧረ አንተ ቅደም።»
«በአላህ፣ ግባ።»
«አልገባም፣ አንተ።»
ዝናቡም ይወርዳል።