አገዳ

ዘጠኝ ዓመት አልበርታ፣ ብሩክስ ከተማ፣
የበሬ ቅልጥም ስበልት ከፀሐይ ሳልስማማ፣
የራሴን መች አየሁ? ቦቲዬን ስገፍፍ፣
ካልሲው ከእግሬ ሳይወርድ ይወስደኛል እንቅልፍ።

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ሱሪዬን ጠቀለለች፤
«ምን መታህ?» አለች።
አገዳዬ ላይ ክብ ክብ፣ ቡናማ፣ ስርጉድ ጠባሳ፣
ሳያመኝ፣ ሳያሳክከኝ፣ ኮቴ ሳያሰማ የተነሣ።

«ጋሪው ነው» አልኩ፣ ስም ላወጣለት ቸኩዬ።
«ስኳርህ ነው» አለች።
ሳቅሁ፤ ስኳር ድሮስ ከአገዳ ሌላ ከየት ሊመጣ ብዬ።

በስልክ ያለችው አስተርጓሚ ብቻ ከት ብላ ሳቀች፤
ሐኪሟ ዐይኔን፣ ኩላሊቴን፣ ለመጪው ወር ቀጠረች።

ዛሬ ካልሲዬን አወለቅሁ፤ መብራት ሥር ቁጭ ብዬ
ሰባት ቆጠርሁ በቀኜ።
ግራው ይደር።